መጥረጊያ የያዘው ወንድማችን

ለቤት ለቤት ጸሎትና ለግል ጥናት

ንባብ፦ ኤፌሶን 4፥25-28፤ ዘዳግም 25፥1-3፤ ዘኍልቍ 5፥5-7፤ ፊልሞና 8-19፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 2፥5-11

ሙቀቱና አቧራው፣ የራሽኑ ማነስ፣ የኬስ ነገር ሁላችንንም እንዳደከመን አውቃለሁ። ቢሆንም ጌታ እስከዚህ ረድቶናል፤ ስሙ ይባረክ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ በየቡና ቤቱና በየውሃ ወረፋው ስለሚወራ፣ በስብከት ግን ብዙ ስለማይነሣ ነገር ነው። ከመካከላችን አንዳንድ ልጆች በትንሽ ጥፋት ፍርድ ቤት ቀርበው፣ እስር ቤት ከመግባት ይልቅ ለሕዝብ እንዲሠሩ ተፈርዶባቸዋል። የትምህርት ቤት ግቢ ሲጠርጉ፣ ጉድጓድ ቆፍረው ችግኝ ሲተክሉ አይታችኋል። እኔ ስም አልጠራም፤ እናንተም ስታነቡ «ይሄ እገሌ ነው» እያላችሁ ስም አትፈልጉ።

ሰው ግን ያወራል። አንዱ «ይሄ ደግሞ ቅጣት ነው እንዴ? ሰው ሰርቆ ግቢ ጠርጎ ይለቀቃል?» ይላል። ሌላው «ለፖሊስ ከፍሎ ነው የወጣው» ይላል። ሌላዋ «ከእንግዲህ በደጄ እንዳያልፍ» ትላለች። ልጆቻችን ደግሞ ከእኛ ሰምተው «ሌባው መጣ! ሌባው መጣ!» እያሉ ይከተሉታል። ከዚያ እሑድ ሲሆን ያ ልጅ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይቆማል። ይግባ ወይስ ይመለስ? ከገባስ ማን አጠገብ ይቀመጣል? እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ የአንድ ሰው ሕይወት ተንጠልጥሏል፤ ስለዚህ በወሬ ሳይሆን በቃሉ እንመልሰው።

ነገሩ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው፤ ብዙዎቻችን ሳናውቅ ነው የምንፈርደው። ይህ ቅጣት ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ለማኅበረሰብ የሚሰጥ የአገልግሎት ቅጣት ማለት ነው። አንድ ፖሊስ ወይም አንድ ባለ ሥልጣን ከኪሱ ያመጣው ነገር አይደለም። የኬንያ መንግሥት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ያወጣው ሕግ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ጥፋቱ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም ጥፋቱ ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ቢሆንም ዳኛው ሦስት ዓመትና ከዚያ በታች ይበቃዋል ብሎ ካመነ፣ ጥፋተኛው በእስር ፋንታ ያለ ደመወዝ ለሕዝብ እንዲሠራ ማዘዝ ይችላል። መንገድ መጠገን፣ ዛፍ መትከል፣ የውሃ ሥራ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤትና ሆስፒታል መጠገን፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች በሚያድጉበት ቤት ማገልገል፤ እነዚህ ሁሉ በሕጉ ውስጥ ተጽፈዋል።

ዳኛውም ዝም ብሎ አይፈርድም። የፕሮቤሽን ቢሮ ሠራተኛ፣ በአገራችን አነጋገር የአመክሮ ሠራተኛ፣ ስለ ሰውየው ጠይቆ ለፍርድ ቤት ይናገራል፤ ቤተሰብ አለው ወይ? ቋሚ አድራሻ አለው ወይ? ጠባዩ እንዴት ነው? ሥራውን ሲጀምርም የሚቆጣጠረው ሰው አለ። ካልመጣ፣ ከለገመ፣ ተመልሶ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ዳኛውም ሌላ ቅጣት ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ «ነፃ ወጣ» አትበሉ። ነፃ አልወጣም። እየተቀጣ ነው፤ የሚቀጣው ግን በእኛ መካከል ሆኖ ነው።

ለምን እንዲህ ተደረገ? ይሄ የኬንያ ብቻ አይደለም። ዚምባብዌ ቀድማ ጀምራዋለች፤ በ1997 እዚያው ዚምባብዌ ውስጥ ካዶማ በምትባል ከተማ ስለዚሁ ነገር ትልቅ ስብሰባ ተደርጓል። ኡጋንዳም በ2000 ሕግ አውጥታለች። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። እስር ቤቶቹ ሞልተዋል። ገንዘብ ያለው መቀጮውን ከፍሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ድሃው መክፈል ስላልቻለ ይታሰራል። በትንሽ ነገር የገባ ወጣት ከከባድ ወንጀለኛ ጋር ተኝቶ ሌላ ነገር ተምሮ ይወጣል። ውጭ ያለችው ሚስቱና ልጆቹ ምንም ሳያጠፉ አብረው ይራባሉ። ከዚህ ከካኩማ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ የታሰረ ሰው ካለ፣ ስንቅ ይዞ የሚጠይቀው ማን ነው? ስንቶቻችን ለመሄጃ የሚሆን ገንዘብ አለን? መውጫ ፈቃዱስ?

እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው። አሁን ቃሉ ምን ይላል?

ሦስት እርምጃ

ኤፌሶን 4፥28ን ክፈቱ። ጳውሎስ ስለ ሰረቀ ሰው ሲናገር ሦስት ነገር ያዝዛል። አንደኛ፣ መስረቁን ይተው። ሁለተኛ፣ በገዛ እጁ መልካም ሥራ እየሠራ ይድከም። ሦስተኛ፣ ካገኘው ለተቸገረ ያካፍል።

እስቲ ይህን ቀስ ብላችሁ አስቡት። እኛ ብንሆን አንደኛው ላይ እናቆም ነበር፤ «አይስረቅ፣ በቃ» እንል ነበር። ጳውሎስ ግን አላቆመም። መተው ብቻ ሰውን አይለውጥም። የሰረቀ እጅ ባዶ ከተቀመጠ ነገ ተመልሶ ይሰርቃል። ስለዚህ እጁ ሥራ ይያዝ ይላል። ከዚያም ያልፋል፤ ያ ሲወስድ የነበረ እጅ የሚሰጥ እጅ እስኪሆን ድረስ ይሂድ ይላል። ሰው ተለወጠ የሚባለው እዚያ ሲደርስ ነው።

አሁን የትምህርት ቤቱን ግቢ የሚጠርገውን ወንድማችሁን ተመልከቱት። የሰው ዕቃ የወሰደበት እጅ ዛሬ ለልጆቻችን ንጹሕ ግቢ እየሰጠ ነው። ዳኛው ኤፌሶንን አንብቦ ይፍረድ አይፍረድ አላውቅም። ሥራው ግን ወደዚያው መንገድ ይመራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ለፖሊስ ጣቢያ አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ደብዳቤው በጉባኤ መካከል ሲነበብ፣ የሰረቀው ሰው እዚያው ተቀምጦ ይሰማ ነበር ማለት ነው። ውጭ በር ላይ አልነበረም። ከፍ ብሎ ቁጥር 25 ላይ እኛ እርስ በርሳችን ብልቶች እንደሆንን ይናገራል። ብልት ቢታመም ይታከማል እንጂ ተቆርጦ ለውሻ አይጣልም።

ግርፋቱ ቁጥር አለው

ወደ ዘዳግም 25 እንሂድ። በሙሴ ሕግ አንድ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ግርፋት ቢገባው፣ ዳኛው ባለበት ይገረፋል፤ እንደ ጥፋቱ መጠን ይቆጠርለታል፤ ከአርባ ግን አያልፍም። ለምን? ምክንያቱን ራሱ ሕጉ ይናገራል፤ ከዚያ ካለፈ ወንድምህ በዓይንህ ፊት የተዋረደ ይሆናል ይላል።

እዚህ ቦታ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሳይገረፍ በፊት በደለኛ ተብሎ ነው የሚጠራው። ግርፋቱ ካለቀ በኋላ ግን ስሙ ተለውጦ «ወንድምህ» ይለዋል። ቅጣቱ ሲያልቅ በደለኛ የሚለው ስም አብሮ ያልቃል ማለት ነው። እግዚአብሔር ቅጣትን አልከለከለም፤ ቅጣት ግን ልክ እንዲኖረው፣ ከልኩም በኋላ ወንድምነት እንዲመለስ አዘዘ።

እኛስ? የፍርድ ቤቱ ቅጣት ሰዓት አለው። ይቆጠራል፣ ይፈረማል፣ ያልቃል። የእኛ አፍ ግን ሰዓት የለውም። ልጁ ሥራውን ከጨረሰ ከዓመት በኋላም «ያ ሌባው» እንለዋለን። የሚያገባት ልጅ ቢያገኝ ሄደን እንነግራታለን። ሥራ ቢያገኝ ለአሠሪው እናሾከሹካለን። ዳኛው ከፈረደበት ይልቅ እኛ የፈረድንበት በለጠ። አርባ የተባለውን እኛ አራት ሺህ አደረስነው።

ወገኖቼ፣ በአንድ ቃል መጠራት ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? አንዱ አስተማሪ ነበር፣ አንዷ ነርስ ነበረች፣ አንዱ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ባለ ርስት ነበር። ዛሬ ሁላችንም አንድ ስም ብቻ አለን፤ ስደተኛ። ያ ስም እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እኛነታችን አይደለም። ይህን ስናውቅ ወንድማችንን በሕይወቱ ክፉ ቀን ብቻ እንዴት እንጠራዋለን?

የተበደለችው እኅታችንስ?

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ወንጌላዊ፣ ስለ ሌባው ብዙ አወራህ፤ ስለ ተሰረቀችውስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። እሷን ረስቶ ስለ ምሕረት መስበክ ግማሽ ወንጌል ነው።

በካምፕ ስልክ ተሰረቀ ማለት ስልክ ብቻ ጠፋ ማለት አይደለም። ዘመድ የሚልከው ገንዘብ የሚመጣበት እሱ ነው። ቢሮው ለኬስ የሚደውልበት እሱ ነው። የእናቷ ድምፅ ያለበት፣ የሞተ ልጇ ፎቶ ያለበት እሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እኅቴ፣ ዕቃ ነው፤ እርሺው» ብለን አናቃልልባት።

የማኅበረሰብ ሥራው ለሕዝብ ነው። ግቢው ይጸዳል፣ ዛፉ ይበቅላል፤ የእሷን ስልክ ግን መጥረጊያ አይመልስላትም። ቃሉ ግን ስለዚህም ይናገራል። ዘኍልቍ 5፥5-7ን አንብቡ። የበደለ ሰው ኃጢአቱን ይናዘዝ፤ የወሰደውን ሙሉ በሙሉ ይመልስ፤ በላዩም አምስተኛ እጅ ይጨምር፤ ለበደለውም ሰው ይስጥ ይላል። በእኛ ሒሳብ እናስላው። የስልኩ ዋጋ 5,000 ሽልንግ ከሆነ፣ አምስተኛው እጅ 1,000 ነው፤ ስለዚህ 6,000 ይመልሳል ማለት ነው። በአንድ ቀን ባይችል በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያምጣ። ማንዳዚ ሸጦም ይሁን ጀሪካን ተሸክሞ፣ ያምጣ።

ዘኬዎስን አስታውሱ፤ ሉቃስ 19። እሱ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ኢየሱስ ቤቱ የገባው ገንዘቡን ከመለሰ በኋላ አይደለም። ሕዝቡ እያጉረመረመ እያለ ቀድሞ ገባ፤ ከዚያ ነው ዘኬዎስ ተነሥቶ ልመልስ ያለው። የተከፈተ በር ነው ልቡን የከፈተው። ስለዚህ «መጀመሪያ ይክፈል፣ ከዚያ እናናግረዋለን» አንበል። እናናግረው፤ እንዲከፍልም እንርዳው።

እኅቴ ሆይ፣ ለአንቺም አንድ ቃል አለኝ። ይቅርታ በግድ አይወጣም፤ ማንም አያስቸኩልሽ። ግን በአያቶቻችን ዘመን የነበረውን ቁራኛ ታውቂ ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለገንዘብና ባለዕዳ አብረው ይታሰሩ ነበር፤ ነገሩ እስኪያልቅ አንዱ የሄደበት ሌላው ይሄዳል። ቂምም እንዲሁ ቁራኛ ነው። አንቺ እሱን ያሰርሽው ይመስልሻል፤ እሱ በተኛበት ሌሊት ግን እንቅልፍ ያጣሽው አንቺ ነሽ። ጌታ ፍቺ የሚልሽ ለእሱ ብሎ ብቻ ሳይሆን ላንቺም ብሎ ነው። ስትፈቺውም ካሳሽን አትተዪ፤ ካሳው መብትሽ ነው።

ደግሞ ይህን በግልጽ ልጻፈው፤ ማንም እንዳያጣምመው። ይህ ሁሉ የምናገረው ስለ ትንንሽ ጥፋቶች ነው። ሴት ልጅ ከተደፈረች፣ ሕፃን ከተጎዳ፣ ደም ከፈሰሰ፣ ያ በዛፍ ሥር ተቀምጠው በፍየልና በገንዘብ የሚጨርሱት ነገር አይደለም። ወደ ሆስፒታልና ወደ ፖሊስ የሚሄድ ነው። «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ» ብሎ የሚሸፍን ሽማግሌ የእግዚአብሔርን ስም ያጠፋል።

መሐል የሚገባ ሰው

የፊልሞናን መልእክት አንብቡ፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ ናት፣ ራሽን ወረፋ ላይ ቆማችሁ ታልቃለች። አናሲሞስ የሚባል ሰው ከጌታው ከፊልሞና ቤት ሄዷል፤ ምናልባትም ዕዳ ትቶ ነው የሄደው። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ አገኘው፤ በዚያም ሰውየው ጌታን አመነ። ጳውሎስ ምን አደረገ? «አሁን አምኗል፣ ያለፈው አልፏል» ብሎ አጠገቡ አልደበቀውም። ወደ በደለው ሰው መልሶ ላከው። ግን ባዶ እጁን አልላከውም። ደብዳቤ ጻፈለት። በደብዳቤውም የበደለህ ወይም ያለበት ዕዳ ካለ በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ አለ፤ በገዛ እጁም ጻፈው።

መሐል የሚገባ ሰው ማለት ይህ ነው። እኛ ይህን ከአገራችን እናውቀዋለን። ሽማግሌ መሐል ገብቶ ደም እንኳ ይደርቃል፤ ካሳ ይከፈላል፤ የተጣሉት አንድ ላይ ይበላሉ። እዚህ ስደት ላይ ስንመጣ ጋቢውን ይዘን መጣን፣ ሽምግልናውን ግን መንገድ ላይ ጣልነው ማለት ነው?

አንድ ወጣት ብቻውን ሄዶ የበደላትን ሴት ደጅ ማንኳኳት ይከብደዋል። እሷም ስታየው ትፈራለች። ሁለት አባቶች ወይም አንድ አባትና አንዲት እናት አብረውት ቢሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ፣ ገንዘብ ሳይኖረው «እኔ እከፍላለሁ» ካለ፣ እኛ ደግሞ ቢያንስ አብረን ሄደን መቆም አያቅተንም። ከዚያ በኋላ አናሲሞስ የት ደረሰ? ቆላስይስ 4፥9ን ተመልከቱ። ጳውሎስ የታመነና የተወደደ ወንድም ብሎ ይጠራዋል፤ ከእናንተ ወገን ነው ብሎም ለቆላስይስ ሰዎች ይጽፋል። ያመለጠው ሰው የቤተ ክርስቲያንን መልእክት ተሸካሚ ሆነ።

ይበቃዋል

በቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው አጥፍቶ ጉባኤው ቀጥቶት ነበር። በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ጳውሎስ እንዲህ የሚል አሳብ ይጽፋል፤ ከብዙዎች የደረሰበት ቅጣት ይበቃዋል፤ አሁን ይቅር በሉት፣ አጽናኑት፤ አለዚያ ከመጠን በላይ የሆነ ኀዘን ይውጠዋል። ፍቅራችሁንም አጽኑለት። ይህን ካላደረግን ሰይጣን እንደሚያታልለን ይነግረናል፤ ቁጥር 11።

ወገኖቼ፣ የሰይጣን ሥራ በመጀመሪያው ስርቆት ላይ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ወጥመድ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰው ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ሲያገኘው። በእኛ ቤት ያልተቀመጠ ሰው የትም አልተቀመጠም ማለት አይደለም። የሚቀበለው ሌላ ቦታ አለ። በላጋው ማዶ አረቄ የሚጠጣበት ቤት «ሌባ» ብሎ አያባርረውም። ማታ ማታ ቡድን ሠርተው የሚዞሩት ልጆች ስሙን በደስታ ይጠሩታል። እኛ በሩን ዘግተን «አየህ! ድሮም አይለወጥም ብዬ ነበር» እንላለን። ገፍተን የጣልነውን ሰው ወደቀ ብለን እንመሰክርበታለን።

በመስቀል ላይ ከጌታ ጎን የተሰቀለውን ወንበዴ አስታውሱ፤ ሉቃስ 23። ያ ሰው የሚመልስበት ጊዜ አልነበረውም። የሚጠርገው ግቢ፣ የሚተክለው ችግኝ፣ የሚክሰው ሰው አልቀረለትም፤ እጁ ተቸንክሯል። ጌታ ግን ከእኔ ጋር ትገባለህ አለው። ከእኛ ጎን ያለው ወንድማችን ግን እጁ አልተቸነከረም። ጊዜ አለው። እግዚአብሔር ጊዜ ከሰጠው፣ ፍርድ ቤቱ እንኳ ጊዜ ከሰጠው፣ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነች የምትከለክለው?

ለአንተ መጥረጊያ ለያዝከው

ይህ ወረቀት እጅህ ከገባ፣ ወንድሜ፣ አንተም እኅቴ፣ ይህ ክፍል የእናንተ ነው።

አንደኛ፣ አንድ ቀን አትቅር። ብትታመም እንኳ ሰው ልከህ ለሚቆጣጠርህ አስታውቅ። ከቀረህ ጉዳዩ ተመልሶ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እስር ቤት ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለይምሰል አትጥረግ። ጥግ ጥጉን ጥረገው። ማንም ባያይህ ጌታ ያያል። ልጆች ሲሰድቡህ ድንጋይ አታንሣ፣ መልስም አትስጥ። የሚያይህ ሰው ከአፍህ ይልቅ ከእጅህ ያምናል።

ሦስተኛ፣ ወደ በደልከው ሰው ሂድ። ፍርድ ቤት ስለ ቀጣህ ከእሱ ጋር ያለህ ነገር አለቀ አትበል። ብቻህን አትሂድ፤ ንገረን፣ እኛ አብረንህ እንሄዳለን።

አራተኛ፣ እምነት በአንድ ቀን እንዲመለስልህ አትጠብቅ። በደረቅ ወቅት ቦኖ ላይ ጀሪካን እንዴት ይሞላል? ጠብ፣ ጠብ እያለ ነው። ጀሪካኑን በችኮላ ካነሣኸው ግማሹን ይዘህ ትሄዳለህ። ቆይ። ይሞላል።

ሰው ተስፋ ቢቆርጥብህም አንተ በራስህ ተስፋ አትቁረጥ። ክርስቶስ የሞተው ላላጠፋ ሰው አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ሰው ስለሌለ።

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

ሰምተን ብቻ እንዳንቀር፣ አምስት ነገር ላቅርብላችሁ።

1. በስሙ ጥሩት። ልጆቻችሁም በስሙ እንዲጠሩት አስተምሩ። «ሌባው» የሚለው ቃል ከቤታችሁ ይውጣ።

2. ሲሠራ ካያችሁት ውሃ ስጡት። ፀሐዩን ታውቁታላችሁ። አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ስብከት ይሰብካል።

3. ሽማግሌዎች ተመረጡ። ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት ብትሆን ይሻላል፣ ወደ ተበደለችው ቤት ይሂዱ። መጀመሪያ እሷን ይስሙ። ከዚያ ስለ ካሳው ይነጋገሩ፤ የተስማሙትንም በወረቀት ይጻፉ።

4. ሥራ ስጡት፣ ግን በጥበብ። የቤተ ክርስቲያንን መባ እንዲቆጥር በመጀመሪያው ቀን አታስቀምጡት፤ እሱንም ለፈተና ማጋለጥ ነው። ወንበር ያስተካክል፣ አጥር ይጠግን፣ ቆሻሻ ይድፋ። በጥቂት የታመነ በብዙ ይሾማል።

5. ከእስር ቤት ጨርሶ የሚመለስ ሰው ካለ ደግሞ ወደ ባዶ ቤት አትስደዱት። መጠለያው ተይዞበት፣ ዕቃው ጠፍቶ ሊያገኘው ይችላል። የራሽን ካርዱ እየሠራ መሆኑን እንዲጠይቅ አንድ ሰው አብሮት ወደ ቢሮ ይሂድ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በተራ አብልቱት። ወጥቶ የመጀመሪያውን ምሽት የት እንደሚያድር እኛ እንወቅ።

ለውይይት

1. በዘዳግም 25 ላይ ሰውየው ከግርፋቱ በፊት ምን ተባለ? በኋላስ? እኛ በየትኛው ስም ነው የቆምነው?
2. ከእናንተ ቤት የተሰረቀባችሁ ካላችሁ፣ ምን ቢደረግላችሁ ልባችሁ ያርፋል? በግልጽ ተነጋገሩ፤ ማንም «ይቅር በይ» ብሎ አያቋርጥ።
3. በብሎካችን ውስጥ ጳውሎስ ለአናሲሞስ እንደቆመ ሊቆም የሚችል ማን አለ? ለምን እኔ አልሆንም?

ጸሎት

አባት ሆይ፣ አንተ እንደ ኃጢአታችን ብዛት አልቆጠርክብንም። በደልን ሳታቃልል በደለኛን የምትቀበል አምላክ ነህ። ዕቃቸው ለተወሰደባቸው ካሣቸውንና የልብ ዕረፍትን ስጣቸው። በፀሐይ ለሚጠርጉት፣ በእስር ቤት ላሉት፣ ተፈተው መንገድ ላይ ላሉት ትከሻና ጓደኛ ስጣቸው። ለዳኞችና ለአመክሮ ሠራተኞች ቅን ልብ ስጣቸው። እኛንም መቁጠር የሚያቆም አፍ፣ በር የሚከፍት እጅ ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።

የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። እሑድ በሰላም ያገናኘን። ስትመጡ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ፤ ማንን እንደምላችሁ ታውቁታላችሁ።